በንግግር መካከል ዕረፍት፦ ለማን የተተወ ጊዜ ነው?

መግቢያ

በአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ዝምታ ብዙውን ጊዜ የሚመሰገነው ሰውን ከስሕተት ስለሚጠብቅ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ብሂል ሰው ከመናገሩ በፊት እንዲያስብ ይመክራል እንጂ፣ መናገር ከጀመረ በኋላ የት ቆም ማለት እንደሚገባው አያስተምርም። በንግግር መካከል የሚደረግ ዕረፍት ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። ይህ ዝምታ አንደበትን መቆጠብ ሳይሆን ራሱ የንግግሩ አካል ነው፤ በቦታው ሲውል ትርጉምን ያብራራል፣ ከቦታው ሲወጣ ደግሞ ያበላሻል።

በማሠልጠኛ ተቋም የሚማር ሠልጣኝ ወደፊት በሥራ ዘመኑ ሁሉ በየቀኑ በሰዎች ፊት ቆሞ የሚናገር ባለሙያ ነው። ከክፍሉ ውጭም በወላጆች ስብሰባ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት፣ በቀበሌ ውይይት እንዲናገር ይጠበቅበታል። እንዲህም ሆኖ ስለ ዕረፍት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ቀስ ብለህ ተናገር» ከሚል ማሳሰቢያ አያልፍም። ከዚህ ሲያልፍም ከሦስት ምንጮች በአንዱ ላይ ይደገፋል። እነርሱም የሥርዐተ ነጥብ ሕግ፣ ከውጭ ቋንቋ የተወረሰ የንግግር ጥበብ መመሪያና በሰከንድ የሚለካ የጥበቃ ጊዜ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱን በየተራ መርምሮ፣ እያንዳንዳቸው የሚረዱበትንና የሚያስቱበትን ስፍራ ለይቶ ማሳየት ነው። ለሦስቱም የሚያገለግለው መለኪያ አንድ ነው፤ ዕረፍቱ አድማጩ ምን እንዲያደርግ ጊዜ ሰጠው?

ነጥብ ለዓይን፣ ዕረፍት ለጆሮ

በንባብ ትምህርት የተለመደው መመሪያ ለነጠላ ሰረዝ አጭር፣ ለድርብ ሰረዝ መካከለኛ፣ ለአራት ነጥብ ረዘም ያለ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። መመሪያው ለጀማሪ አንባቢ ጠቃሚ ነው። ትንፋሹ እስኪያልቅ ከሚሮጥ ሕፃን ይልቅ በነጥብ የሚቆም ሕፃን ያነበበውን የመረዳት ዕድል አለው። ችግሩ የሚመጣው ይህ የጀማሪ ደንብ ለጎልማሳ ተናጋሪም የዕረፍት ሕግ ሆኖ ሲቀር ነው።

በመጀመሪያ፣ ነጥብ ባለበት ሁሉ ዕረፍት አያሻም። «በጉን፣ ፍየሉን፣ ላሟንና በሬውን ሸጠ» በሚለው ዓረፍተ ነገር በየሰረዙ እኩል የሚቆም ሰው የአንድን ገበሬ ችግር ሳይሆን የዕቃ ዝርዝር የሚያሰማ ይመስላል። በሬውን መሸጡ የመጨረሻው ጥፋት መሆኑን ለማሳየት የሚፈልግ ግን ሦስቱን አያይዞ ተናግሮ «በሬውን» ከማለቱ በፊት ይቆማል፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ሰረዝ የለም።

ሁለተኛ፣ ነጥብ በሌለበት ዕረፍት ትርጉምን የሚወስንበት ጊዜ አለ። «አስተማሪው ትናንት የሰጠውን ፈተና አረመ» የሚለውን እንውሰድ። ተናጋሪው «አስተማሪው» ብሎ ቆም ቢልና የቀረውን ቢያያይዘው ትናንት የተሰጠው ፈተናው ነው። «አስተማሪው ትናንት» ብሎ ቢያርፍ ግን ትናንት የተፈጸመው እርማቱ ይሆናል። ቃላቱም ቅደም ተከተላቸውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የዝምታው ቦታ ብቻ ነው። ጉዳዩ የሰዋስው መልመጃ ብቻ እንዳይመስል «የታመሙ ልጆችና እናቶች ወደ ጤና ጣቢያው ይምጡ» የሚለውን ማስታወቂያ መመልከት ይቻላል። «የታመሙ» ብሎ የሚያርፍ ሰው የጠራው ሕመምተኞችን ብቻ ነው። «የታመሙ ልጆችና» ብሎ የሚያርፍ ግን እናቶችን በሙሉ ጠርቷል። በአንዱ አነጋገር ጤነኛዋ ነፍሰ ጡር ቤቷ ትቀራለች፣ በሌላው ትመጣለች።

ጽሕፈታችን የድምፅን ነገር ሁሉ እንደማይመዘግብ ደራስያን ያውቁታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ በማኖር፣ ጥብቀትን ለአንባቢ ዓይን ለማሳየት ሞክረዋል። ልማዱ በኋለኞቹ መጻሕፍት ብዙም አልተከተለም። ይሁን እንጂ ሙከራው አንድ ቁም ነገር ያስረዳል፤ ወረቀቱ የተወውን የሚሞላው የአንባቢው ድምፅ ነው። ጥብቀትን በሚመለከት እውነት የሆነው ዕረፍትን በሚመለከት ይበልጥ እውነት ነው። ስለዚህ ዕረፍትን ከነጥብ ብቻ የሚማር ሠልጣኝ ግማሹን ትምህርት ተምሯል ማለት ነው።

ግሥ በመጨረሻ የሚመጣበት ቋንቋ

ሁለተኛው ምንጭ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የንግግር ጥበብ መጻሕፍት የተወሰደው ምክር ነው። ይኸውም «ከዋናው ቃል በፊት ቆም በል፤ አድማጭህን በጉጉት አንጠልጥለው» የሚል ነው። ምክሩ በመሠረቱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ወደ አማርኛ ሲዛወር የሁለቱ ቋንቋዎች የዓረፍተ ነገር አሠራር ልዩነት ይዘነጋል። በእንግሊዝኛ ግሡ ቀደም ብሎ ስለሚነገር፣ ተናጋሪው የሐሳቡን ክብደት የሚሸከመውን ስም ወይም ቅጽል ወደ መጨረሻው ማድረስና ከርሱ በፊት ማረፍ ይችላል። በአማርኛ ግን በመጨረሻ የሚቀመጠው ግሡ ነው።

ይህን ያላስተዋለ ተናጋሪ «የአገር ተስፋ ትምህርት…» ብሎ ካረፈ በኋላ «ነው» ሲል ይሰማል። አድማጩ ጠብቆ ያገኘው «ነው»ን ብቻ ስለሆነ ጉጉቱ ባዶ ይቀራል። «የአገር ተስፋ…» ብሎ አርፎ «ትምህርት ነው» ቢል ግን ዕረፍቱ ፍሬ ያገኛል። እንግዲህ የአማርኛው ደንብ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ ክብደት ያለው ቃል ከማሰሪያ አንቀጹ ጋር አብሮ ይነገር፤ ዕረፍቱም ከሁለቱ በፊት ይሁን።

ግሡ የመጨረሻ መሆኑ ሌላም አደጋ አለበት። በአማርኛ አሉታ የሚገለጠው በግሡ ላይ ስለሆነ፣ አድማጩ የተከለከለውንና የተፈቀደውን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ነው። «ከወንዝ የተቀዳውን ውኃ ሳታፈሉ ለሕፃናት አትስጡ» የሚለውን ምክር ተናጋሪው «ለሕፃናት» ካለ በኋላ ቢያርፍና፣ እንደ ተለመደው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፁን ቢጥል፣ ከሁሉ የሚበልጠው «አት» የምትለው አንዲት ክፍለ ቃል ትጠፋለች። በኋላ ረድፍ የተቀመጠው ሰው ስለ ወንዝ፣ ስለ ውኃና ስለ ሕፃናት ሰምቷል፤ ምን እንደ ተባለ ግን አልሰማም።

ይህ ማለት አማርኛ የዕረፍት ቦታ የጠበበበት ቋንቋ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ሰዋስዉ ራሱ ሰፊ ቦታ አዘጋጅቷል። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ» ሲባል እያንዳንዱ ቦዝ አንቀጽ ተናጋሪው ትንፋሽ የሚወስድበት፣ አድማጩም የሰማውን የሚያደራጅበት ማረፊያ ነው። ነገሩ ገና እንዳላለቀ ሁለቱም ያውቃሉ። ከ«ቢሆንም»፣ ከ«ስለዚህ»፣ ከ«እንኳ» በኋላ የሚደረገው ዕረፍትም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ የማይለያዩ አሉ። በ«የ» የተያያዙ ዘርፍና ባለቤት፣ አጭር ቅጽልና ስም፣ ቦዝ አንቀጽና ረዳት ግሥ በዝምታ ሲከፈሉ አድማጩ የተሰበረ ነገር ይዞ ይቀራል። «መጥቶ… ነበር» የሚል ተናጋሪ አዳማጭን አያስጓጓም፤ ያደናቅፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ለወረቀት የተሠራን ዓረፍተ ነገር ዕረፍት ሊያድነው አይችልም። አርባና ሃምሳ ቃላት ከተደረደሩ በኋላ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣበት የመሥሪያ ቤት አነጋገር በጉባኤ ሲነበብ፣ ተናጋሪው የትም ቢያርፍ አድማጩ መጀመሪያውን ረስቶ መጨረሻውን ይጠብቃል። የዚህ መድኃኒት ዓረፍተ ነገሩን ከሦስት ወይም ከአራት መክፈል ነው። ዕረፍት የሚማር ሰው አስቀድሞ ለጆሮ መጻፍን ይማር ዘንድ ግድ ይሆናል።

ዝምታን የሚጠሉ ተናጋሪዎች ክፍተቱን የሚሞሉበት ቃልም አያጡም። «እ…»፣ «እንግዲህ»፣ «ምንድን ነው»፣ «ማለት ነው» የሚሉት ከዚህ ወገን ናቸው። በተለይ «ማለት ነው» በየሐሳቡ መጨረሻ ሲደጋገም፣ አድማጩ ሐሳቡን የሚመዝንባትን አጭር ጊዜ ይወስድበታል። ተናጋሪው ፍርሃቱን ሸፍኗል፤ የከፈለው ግን በአድማጩ ጊዜ ነው።

በባህላችን ውስጥ ያለው አብነት

የዕረፍትን ጥበብ ከባዕድ መመሪያ ብቻ መፈለግ አላስፈላጊ የሚሆነው፣ ባህሉ ራሱ ሥርዓት የሰጣቸው ዝምታዎች ስላሉት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ፊደል ከመቁጠር ተነሥቶ በየደረጃው አልፎ ቁም ንባብ እስኪደርስ ድረስ፣ የሚማረው ቃላትን ብቻ ሳይሆን የድምፅን መነሣት፣ መውደቅና ማረፍ ጭምር ነው። ባህሉ ከቅዱስ ያሬድ ጋር በሚያያይዛቸው የዜማ ምልክቶች መካከል «ይዘት» እና «ቁርጥ» የሚባሉት መኖራቸው፣ ድምፅን መያዝና መቁረጥ ዜማው በሚወጣበት ልክ እንደሚታሰብባቸው ያሳያል።

ለመምህር የሚቀርበው አብነት ግን በየቤቱ የሚገኘው ነው። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ብሎ ዝም ይላል፤ ልጆቹ «የላም በረት» እስኪሉ አይቀጥልም። ዝምታው የእነርሱ ነው፤ መልሳቸውም ለመስማት መዘጋጀታቸውን የሚያረጋግጥበት ፈቃድ ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ ከዚህ ይርቃል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ጥያቄው ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ይመጣል። ተጠያቂው ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሞክራል። መልሱ የሚነገረው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ብሎ ተጠያቂው አገር ከሰጠ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ጠያቂው ቸኩሎ መልሱን ቢናገር ጨዋታው ይፈርሳል። የሰባት ዓመት ሕፃን የሚያከብረውን ይህን ሕግ፣ ያው ሕፃን አድጎ መምህር ሲሆን በክፍል ውስጥ መጣሱ ሊያስገርም ይገባል።

የጄኔቫው ዝምታ

በአማርኛ ከተደረጉ ንግግሮች ሁሉ በዓለም ፊት የታየው ዝምታ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ያሳዩት ነው። ሊናገሩ ወደ መድረኩ ሲወጡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አወኩት። የሩማንያው መልእክተኛ ኒኮላዬ ቲቱሌስኩ ረባሾቹ እንዲወጡ ጮኸው ጠየቁ፤ ጋዜጠኞቹም ከአዳራሹ ተወሰዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ሁሉ መካከል ድምፃቸውን ከጩኸቱ ጋር ሳያፎካክሩ ጸጥታ እስኪሰፍን ቆመው ጠበቁ። ከዚያም ንግግራቸውን በአማርኛ አሰሙ።

ይህ ዝምታ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለክብር ምሳሌነት ነው፤ ከንግግር ጥበብ አንጻር ግን ሊመረመር የሚገባው ሌላ ገጽታ አለው። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ አማርኛ አያውቁም ነበር። የንግግሩ ቃል በትርጉም ከመድረሱ በፊት ያለ አስተርጓሚ የደረሳቸው ነገር ያ ዝምታ ነው። በአንድ ወገን የሚያፏጩ፣ በሌላው ወገን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ታዩ፤ ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደ ሆነ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ዕረፍቱ ለአድማጮቹ የሰጣቸው ሥራ መፍረድ ነበር።

ይሁን እንጂ ከሚገባው በላይ ማግነን ተገቢ አይሆንም። ጉባኤው በዚያው ወር ውስጥ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወስኗል። ዝምታው የተናጋሪውን ክብር ጠበቀ፣ ንግግሩንም ተደማጭ አደረገ፤ ጥቅማቸውን አስቀድመው ያሰሉ መንግሥታትን ውሳኔ ግን አልለወጠም። ሁለተኛም፣ ያ ዝምታ ዋጋ ያገኘው ተዘጋጅቶ የቀረበ ክስ ከኋላው ስለ ነበረው ነው። የሚለው ነገር የሌለው ተናጋሪ ግርማ ሞገስ ለማግኘት ሲል ቢቆም፣ በተለይም መምህር ተማሪዎቹን ለማስፈራራት ዝም ቢል፣ የጄኔቫውን ምሳሌ ተከተለ አይባልም። የመጀመሪያው ዝምታ አድማጩን ዳኛ አድርጎ ያከብራል፤ ሁለተኛው አድማጩን ያሸማቅቃል።

ሰከንድና የመማሪያ ክፍል

ሦስተኛው ምንጭ የትምህርት ጥናት ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ጠብቀው ጥያቄውን እንደሚደግሙ፣ ሌላ ተማሪ እንደሚጠሩ ወይም ራሳቸው እንደሚመልሱ አሳይተዋል። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ያለ መልስ የሚቀሩ ጥያቄዎች ቀነሱ፣ ሳይጠሩ በገዛ ፈቃዳቸው የሚመልሱ ተማሪዎች በዙ። ተመራማሪዋ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ለይተዋል፤ አንደኛው ከመምህሩ ጥያቄ በኋላ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ከመለሰ በኋላ መምህሩ ከመናገሩ በፊት ያለው ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ይበልጥ ይዘነጋል፤ ተማሪው «ምክንያቱም…» ብሎ ሊቀጥል ሲል «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» ይባላል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የተለመደ ተቃውሞ ጊዜ የለም የሚል ነው። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። መምህሩ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 30 ጥያቄ ቢጠይቅና ለእያንዳንዱ 2 ሰከንድ ቢጨምር፣ የጨመረው በድምሩ 60 ሰከንድ ነው። ለሁለቱም ዓይነት ጥበቃ ቢጨምር 2 ደቂቃ ይሆናል። ያልገባ ትምህርትን መልሶ ማስተማር ከዚህ በብዙ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ከተቃውሞው ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ጥናቱ በግዴለሽነት የሚተረጎምበት መንገድ ነው። ሦስት ሰከንድ ሕግ ሆኖ ሲነገር፣ ሠልጣኙ በልቡ እየቆጠረ የተማሪዎቹን ፊት ማየት ይረሳል። «የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ማን ትባላለች?» ለሚል ጥያቄ ሦስት ሰከንድ ይበዛል፤ «ወንዙ በክረምት ለምን ይደፈርሳል?» ለሚለው ያንሳል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ ደግሞ ጥያቄውን በልቡ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው መልሶ፣ መልሱን እንደገና ወደ ትምህርቱ ቋንቋ ማምጣት ስላለበት፣ የጥበቃው መጠን ሌላ ይሆናል።

ዕረፍቱ በክፍሉ ውስጥ ባለው ሰው እጅ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚከተል ከአገራችን ተሞክሮ መረዳት ይቻላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለ የቴሌቪዥን ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠት ጀመረ። በምስልና በሙከራ የበለጸገ ትምህርት ሩቅ ላሉ ትምህርት ቤቶች ማድረሱ ሊካድ አይገባውም። ከመምህራንና ከተማሪዎች በተደጋጋሚ የተሰማው ቅሬታ ግን የፍጥነቱ ነበር። በስክሪኑ ላይ ለመልመጃ የተተወው ጊዜ አስቀድሞ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ አላለቅንም ቢሉ የሚሰማ የለም። በክፍሉ የቆመው መምህርም የስርጭቱን ጉዞ ሊያስቆም አይችልም ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አድማጩን የማያይ ዕረፍት፣ ርዝመቱ በጥናት የተወሰነ እንኳ ቢሆን፣ የሰዓት ቁራጭ ከመሆን አያልፍም።

ስለ ሥልጠናው

ከላይ የተዘረዘረው ወደ አንድ ሐሳብ ይሰበሰባል። ሥርዐተ ነጥብ፣ የውጭ መመሪያና ሰዓት ሦስቱም የሚያገለግሉት ዕረፍቱ የአድማጩ ንብረት መሆኑ ሲታወቅ ነው። በዚህ መሠረት ለማሠልጠኛ ተቋማት የሚከተሉትን ማመልከት ይቻላል።

ሀ. በአማርኛ ንግግር ትምህርት ሠልጣኞች አንድን ዓረፍተ ነገር የዕረፍቱን ቦታ እየለወጡ እንዲያነቡ፣ አድማጮቹም ምን እንደ ተረዱ እንዲናገሩ ይደረግ። መልመጃው ወረቀትና ሁለት ሰው ብቻ ይበቃዋል።

ለ. ለጉባኤ የሚቀርብ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮቹ እንዲከፈሉ፣ ክብደት ያለው ቃል ከማሰሪያ አንቀጹ ጋር እንዲያያዝ፣ የዕረፍት ቦታዎችም በእርሳስ እንዲሠመሩ ሠልጣኞች ይለማመዱ።

ሐ. በማስተማር ልምምድ ጊዜ የሚመዝነው አሠልጣኝ ሠልጣኙ ስንት ጊዜ ዝም እንዳለ ሳይሆን፣ በዝምታው ጊዜ ተማሪዎቹ ምን እንዳደረጉ ይመዝግብ። የምዘና ቅጹ «ሳያቋርጥ ይናገራል» ለሚል ቅልጥፍና ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ፣ መልካሙን ልማድ ይቀጣል፤ መታረምም አለበት።

መ. ተረትና እንቆቅልሽ ለታችኛው ክፍል መዝናኛ ተደርገው ብቻ እንዳይታዩ፤ የመጠየቅና የመጠበቅ ሥርዓት መማሪያ ሆነው በሥልጠናው ውስጥ ቦታ ይሰጣቸው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቁት መምህሩ በሰው ፊት ዝም ማለትን እንዳይፈራ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጀማሪ መምህር ዝምታን አለማወቁን የሚያጋልጥበት ስለሚመስለው ይሸሸዋል፤ በሸሸ መጠንም ከክፍሉ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ይሆናል። በኋለኛው ረድፍ ተቀምጣ መልሱን በልቧ ልታበጅ የጀመረች ተማሪ እጇን ለማንሣት የሚያስፈልጋት ምናልባት ሁለት ሰከንድ ነው። እነዚህን ሁለት ሰከንዶች ካላገኘች አለማወቋ ይመዘገባል እንጂ፣ አለመጠበቋ አይመዘገብም።